ሱድ፦ ከካርቱም ወደ እንግሊዝኛ የተሻገረ ቃል



በዚህ የዓመት መጽሔት ላይ ከትምህርት ቤቱ አስተዳደር በኩል አብዛኛውን ጊዜ የሚቀርበው የምስጋናና የምክር ጽሑፍ ነው። ዘንድሮ ምክሩን ለጊዜው ትተን አንድ ትምህርት ይዘን ቀርበናል። ትምህርቱ ስለ አንዲት አጭር የእንግሊዝኛ ቃል ነው። ቃሏ አራት ፊደል ብቻ አላት፤ ኤስ፣ ዩ፣ ዲ፣ ዲ። እኛ በዚህ ጽሑፍ «ሱድ» እያልን እንጠራታለን።

ነገሩ የተጀመረው በስምንተኛ ክፍል የእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ነው። ስለ ዓባይ ወንዝ የሚናገር አንድ ምንባብ ነበር። በምንባቡ ውስጥ ከካርቱም ወደ ደቡብ የተጓዙ መርከቦች ሱድ አጋጥሟቸው እንደተመለሱ የሚገልጽ ዓረፍተ ነገር አለ። መምህሩ ተማሪዎቹ ይህን ወደ አማርኛ እንዲመልሱት አዘዙ። አንዷ ተማሪ «መርከቦቹ የሳሙና አረፋ አጋጠማቸው» ብላ ጻፈች። ክፍሉ ሳቀ። ልጅቷ ግን ያለ ምክንያት አልተሳሳተችም፤ በእንግሊዝኛ የሳሙና አረፋ የሚባለው ቃል ከዚህኛው የሚለየው በመጨረሻዋ ፊደል ብቻ ነው። ሌላው «ጭቃ» አለ። በእንግሊዝኛ ጭቃ የሚለው ቃል ከሱድ ጋር ቤት ይመታልና እሱም ቢሆን ጆሮው ነው ያሳሳተው።

ሦስተኛው ልጅ «ግድብ አጋጠማቸው» ብሎ ጻፈ። ይህ ልጅ ተወልዶ ያደገው እዚሁ ካርቱም ነው፤ ዐረብኛው ከአማርኛው ይቀድማል። «ሰድ በዐረብኛ ግድብ ነው» ሲል አስረዳ፤ ግምቱም በጣም የቀረበ ነበር። ቀጥሎ ግን ያልጠበቅነውን ጥያቄ አነሳ። ሰፈር ውስጥ አብረውት ኳስ የሚጫወቱ ጓደኞቹ ስለ ሕዳሴ ግድብ ሲከራከሩት «የናንተ ግድብ ውኃ ይዘጋል፤ ስሙም ራሱ መዝጋት ማለት ነው» ብለውት ኖሯል። «ቲቸር፣ ግድብ ማለት መዝጋት ነው እንዴ?» ብሎ ጠየቀ።

መምህሩ በእረፍት ሰዓት ወደ ቢሮ መጥተው ነገሩን አጫወቱን። ዝግጁ መልስ አልነበረንም። እንዲያውም የቀድሞ የልምምድ ወረቀቶቻችንን ስናገላብጥ ሱድን «ረግረግ» ብለን ተርጉመን ለተማሪዎች አድለነው አገኘን። ስሕተቱ የራሳችን ነበር ማለት ነው። ይህን ጽሑፍ የምንጽፈው አንድም ያን ለማረም፣ አንድም ለልጁ የሚገባውን መልስ ለመስጠት ነው።

ከቃሉ ሥር እንጀምር። በዐረብኛ ሲን፣ ዳል፣ ዳል የሚሉት ፊደላት ያሉበት ሥር መዝጋት፣ መድፈን ማለት ነው። ተማሪዎቻችን ይህን ከመዝገበ ቃላት መማር አያስፈልጋችሁም፤ በየቀኑ ትሰሙታላችሁ። በኸሪፍ ወራት ዝናብ ጥሎ የሰፈሩ ኾር በፕላስቲክና በአሸዋ ሲሞላ ጎረቤት ወጥቶ «መስዱድ» ይላል፤ ተዘግቷል ማለቱ ነው። መውጫ የሌለው መንገድም መስዱድ ነው። ከዚሁ ሥር «ሰድ» እና «ሱድ» የሚባሉ የስም ቅርጾች ይወጣሉ፤ ሁለቱም መዝጊያ፣ ማገጃ የሚል ትርጉም አላቸው። በነጭ ዓባይ ላይ የሚመላለሱ ጀልበኞች ወንዙን የሚዘጋውን የእጽዋት ክምር በዚህ ስም ጠሩት። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከካርቱም ተነሥተው ወደ ደቡብ የተጓዙ አውሮፓውያን ደግሞ ቃሉን ከእነዚሁ ጀልበኞች አፍ ተቀብለው ወደ መጽሐፎቻቸው አስገቡት። እንግሊዞቹ ሲያነቡት ድምፁ ወደ «ሰድ» ያደላል፤ የፊደሉ አነባበብ እንዲያ ስለሆነ ነው እንጂ ዐረብኛ ለመምሰል ብለው አይደለም።

እዚህ ላይ ልብ እንድትሉ የምንፈልገው አንድ ነገር አለ። እንግሊዝኛ ከሩቅ አገር የመጣ፣ ከእኛ ምንም ያልወሰደ ቋንቋ የሚመስላቸው ተማሪዎች አሉ። ይህ ቃል ግን ከዚህ ከተማ ወደብ ተነሥቶ ነው ለንደን የደረሰው። ዐረብኛ በመቻላችሁ ለንደን ከሚኖር እኩያችሁ ይልቅ ለቃሉ ትቀርባላችሁ።

ሱድ የሚባለው ነገር ራሱ ምንድን ነው? ነጭ ዓባይ ከኡጋንዳ ወርዶ ጁባን ካለፈ በኋላ መሬቱ ገበታ ይሆንበታል። ወንዙ ባሕር አል-ጀበል ተብሎ በሰፊው ሜዳ ላይ ይበተናል፤ መቶ ቦታ ይከፋፈላል፣ ኩሬና ረግረግ ይሆናል። በዳርና ዳር ደንገል፣ ሸምበቆና ረጃጅም ሣር ይበቅላል። ደንገል ስንል የጣና ሰዎች ታንኳ የሚሠሩበትን ያንኑ ተክል ማለታችን ነው። የእነዚህ ተክሎች ሥር እርስ በርሱ ተጠላልፎ ምንጣፍ ይሠራል። ውኃው ሲሞላና ማዕበል ሲነሣ ከምንጣፉ ላይ ትልልቅ ቁራጮች ተገንጥለው መንሳፈፍ ይጀምራሉ። አንዱ ቁራጭ ወንዙ በሚጠብበት ወይም በሚታጠፍበት ቦታ ይያዛል። ተከታዩ መጥቶ ይገጨዋል፤ ሦስተኛው በሥሩ ይገባል። ወንዙ ከኋላ እየገፋ ያጠባብቀዋል። ሲቆይ ሰው በላዩ የሚራመድበት፣ ከ4 እስከ 6 ሜትር የሚወፍር ድፍን ይሆናል። ውኃው በሥሩ ሹልክ ብሎ ያልፋል፤ ጀልባ ግን አያልፍም።

ስለዚህ ሱድ ረግረጉ ራሱ ሳይሆን በመጀመሪያ ትርጉሙ ወንዙን የሚዘጋው ተንሳፋፊ ክምር ነው። ስሙ ኋላ ላይ ሰፍቶ ለአካባቢው ሁሉ ተሰጠ። እንግሊዝኛው ይህን በፊደል አጻጻፍ ይለየዋል። በትንሽ ፊደል ሲጀምር ክምሩ ነው፤ በትልቅ ፊደል ጀምሮ «ዘ» የሚለው መስተኣምር ሲቀድመው ግን ዛሬ በደቡብ ሱዳን ውስጥ የሚገኘው ትልቁ ረግረግ ነው። የረግረጉ ስፋት በአማካይ 30,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን በዝናብ ወራት ብዙ እጥፍ ይሰፋል። የልምምድ ወረቀታችን የተሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ምንባቡ ቃሉን የጻፈው በትንሽ ፊደል ነበር።

አጠቃቀሙንም እንይ። የመኪና መጨናነቅን፣ የተደፈነ ቧንቧን ወይም ሰው የሠራውን አጥር በእንግሊዝኛ ሱድ ብላችሁ ብትጽፉ ፈታኙ አይቀበላችሁም። ለእነዚያ ሌሎች ቃላት አሉ። «ኦብስታክል» ከላቲን የመጣ ሲሆን ፊት ለፊት የቆመ ማለት ነው። «ኦብስትራክሽን» ደግሞ ከመገንባት የመጣ ነው፤ ፊት ለፊት የተገነባ እንደማለት ነው። «ባሪኬድ» የሚሉት፣ በአንድ ወቅት በየመንገዳችን ተደርድሮ ያየነውና የካርቱም ወጣቶች «ትርስ» የሚሉት፣ ሰው ሆን ብሎ የሚሠራው ነው። ሱድ ግን በማንም አልተገነባም። በቅሎ፣ ተገንጥሎ፣ ተንሳፎ፣ ተጠራቅሞ የዘጋ ነው። የኛም ቋንቋ እንዲህ ያለውን ልዩነት ያውቃል። እንቅፋት እግር የሚመታ ነው፤ ጋሬጣ መንገድ ላይ ተጋርጦ የሚወጋ ነው፤ መሰናክል የሚሰነክል ነው። ተማሪ ሁሉንም «ችግር» እያለ ሲተረጉም ስናይ ቅር ይለናል።

አሁን ደግሞ ይህ ቃል ስንት ሰው እንዳስለቀሰ እንመልከት። የሮማው ንጉሠ ነገሥት ኔሮ እ.ኤ.አ. በ61 ገደማ የዓባይን ምንጭ እንዲፈልጉ ወታደሮች ልኮ ነበር። ፈላስፋው ሴኔካ እንደጻፈው መልእክተኞቹ መጨረሻው የማይታወቅ፣ በእጽዋት የተተበተበና ትንሽ ጀልባ ብቻ የሚያስገባ ረግረግ ጋ ደርሰው ተመለሱ። ብዙ አጥኚዎች ይህ ቦታ ሱድ ነው ይላሉ። ከዚያ በኋላ የግብፁ ገዢ መሐመድ ዓሊ የላከው ሰሊም ቀቡዳን እ.ኤ.አ. ከ1839 እስከ 1842 ባሉት ዓመታት ከካርቱም እየተነሣ ሦስት ጊዜ ሞከረ፤ እሱ ረግረጉን አልፎ ዛሬ ጁባ እስካለችበት አካባቢ መድረስ ችሏል። ሱድ አንድ ዓመት ተከፍቶ በሌላው ዓመት ሊዘጋ ይችላል።

እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር የደረሰው በክፉ ጊዜ ነበር። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 8 ቀን 1870 ከካርቱም ብዙ ወታደርና ብዙ መርከብ ይዞ ተነሣ። ባሕር አል-ዘራፍ በሚባለው ቅርንጫፍ ገብቶ ሰዎቹ ሣሩን በሰይፍና በማጭድ እየቆረጡ መርከቦቹን በገመድ ሲጎትቱ ሳምንታት አለፉ። ቦዩን ከፊት ሲከፍቱት ከኋላ ይዘጋል። በመጨረሻ ውኃው እያነሰ ሲመጣ ተስፋ ቆርጦ ተመለሰ። ጎንዶኮሮ የደረሰው በሁለተኛው ሙከራ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 15 ቀን 1871 ነው። መንገዱ በጠቅላላው ከ14 ወር በላይ ወሰደበት።

ከቤከርም የባሰ የደረሰበት ጣሊያናዊው ሮሞሎ ጌሲ ነው። ጌሲ የባሕር አል-ገዛል አስተዳዳሪ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1880 መገባደጃ ሥራውን ጨርሶ በመርከብ ወደ ካርቱም ሲመለስ ሱድ ከፊትም ከኋላም ዘጋበት። ለወራት ባሉበት ቆሙ። ስንቅ አለቀ፤ የሚቃጠል እንጨት አለቀ። በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በረሃብና በበሽታ አለቁ። ሱድ ለመክፈት የተሰማራው ኦስትሪያዊው ኤርነስት ማርኖ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1881 ደርሶ የተረፉትን አወጣቸው። ጌሲ ግን ብዙም ሳይቆይ በዚያው ዓመት ስዊዝ ላይ ሞተ። ይህን ታሪክ ለክፍሉ ስንነግር በሳሙና አረፋው የሳቁት ልጆች ዝም አሉ። ቃልን አሳስቶ መተርጎም ሰውን ከነመከራው ከገጹ ላይ እንደሚያጠፋ ያን ቀን የገባቸው ይመስለናል።

የእኛም አገር ሰዎች በዚህ አካባቢ ታሪክ አላቸው። በሰኔ 1890 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ የላኳቸው የደጃዝማች ተሰማ ናደው ሠራዊት ክፍል ከምዕራብ ኢትዮጵያ ወርዶ የሶባት ወንዝ ከነጭ ዓባይ ጋር እስከሚገናኝበት ቦታ ደርሷል። አብረዋቸው ፈረንሳውያንና ሩሲያዊው ኮሎኔል አርታሞኖቭ ነበሩ። ሰንደቅ ዓላማ ተክለው፣ ረግረጉና ወባው ስላላስቀመጣቸው ተመለሱ። ሊያገኙት ያሰቡት የፈረንሳዩ ማርሻን የባሕር አል-ገዛልን ረግረግ አቋርጦ ፋሾዳ የደረሰው እ.ኤ.አ. ጁላይ 10 ቀን 1898፣ ማለትም እነሱ ከሄዱ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ነው። በሴፕቴምበር እንግሊዛዊው ኪችነር መጣና ፈረንሳዮቹ በኋላ ለቀው ወጡ። እንግሊዞች ወንዙን ከያዙ በኋላ ሱዱን ለማጽዳት ጊዜ አላጠፉም። ሻለቃ ማልኮም ፒክ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1899 ጀልባዎችና በመቶዎች የሚቆጠሩ የማሕዲያ ጦር እስረኞች ይዞ ሥራ ጀመረ። በላይ ያለውን ደረቅ ደንገል ያቃጥሉታል፤ ከዚያ ክምሩን በመጋዝ እንደ ሙክት ብልት ይከፋፍሉታል፤ ቁራጩን በብረት ገመድ ጠልፈው በእንፋሎት መርከብ እየጎተቱ ወደ ታች ይለቁታል። በመጻሕፍቱ ላይ ስሙ የቀረው የሻለቃው ነው፤ ውኃው ውስጥ ገብተው የቆረጡት ግን እስረኞቹ ናቸው።

እስካሁን የተናገርነው ሁሉ በመርከበኛ ዓይን ነው። «መዝጊያ» የሚለው ስም ራሱ ማለፍ የፈለገ ሰው ያወጣው ስም ነው። በዚያው አገር የሚኖሩት ዲንቃዎች፣ ኑዌሮችና ሽሉኮች ግን ለማለፍ አልመጡም፤ ቤታቸው ነው። ዲንቃዎች ውኃው ሸሽቶ ለምለም ሣር የሚወጣበትን ሜዳ «ቶይች» ይሉታል፤ በበጋ ከብቶቻቸውን የሚያወርዱት እዚያ ነው። ዓሣው፣ አእዋፉ፣ በመቶ ሺዎች የሚንቀሳቀሰው የዱር አጋዘን የሚኖረው በዚሁ መዝጊያ በተባለው ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ሱድ ዓለም አቀፍ ጠቀሜታ ካላቸው ረግረጋማ ቦታዎች መዝገብ ውስጥ ገብቷል። መዝገቡ የራምሳር ስምምነት የሚባለው ነው።

መሐንዲሶች በበኩላቸው ሌላ ሒሳብ ነበራቸው። ወደ ሱድ ከሚገባው ውኃ ግማሽ ያህሉ በትነት ይጠፋል። «ረግረጉን በቦይ ብናልፈውስ?» የሚለው ሐሳብ ከ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አንሥቶ ሲነሣ ኖሮ የጆንግሌይ ቦይ ቁፋሮ እ.ኤ.አ. በ1978 ተጀመረ። ርዝመቱ 360 ኪሎ ሜትር እንዲሆን ነበር የታሰበው። ከዚህ ውስጥ 240 ኪሎ ሜትር ያህል ከተቆፈረ በኋላ በ1983 ጦርነቱ ሲጀመር ሥራው ቆመ፤ ግዙፉ የቁፋሮ ማሽንም እዚያው ዝጎ ቀረ። የኋላው የደቡብ መሪ ጆን ጋራንግ የዶክትሬት ጥናታቸውን በአሜሪካ የሠሩት በዚሁ የጆንግሌይ ፕሮጀክት አካባቢ ላይ መሆኑን የሚያውቅ ጥቂት ሰው ነው። ያልተጠናቀቀው ቦይ ውኃ ስላልተለቀቀበት ደረቅ ገደል ሆኖ ከብቱንም የዱር እንስሳውንም እንዳያልፍ ከለከለ። መዝጊያ ለማለፍ የተቆፈረው ራሱ መዝጊያ ወጣው።

ተማሪዎቻችንን ወደ ሙግረን በወሰድናቸው ቀን፣ ሁለቱ ዓባዮች ጎን ለጎን ሲሄዱ ከዳር ሆነው ሲያዩ፣ አብዛኞቹ ጥቁር ዓባይን እያሳዩ «ያ የኛ ነው፤ ይኼኛው የነሱ» ይሉ ነበር። እኛም አላረምናቸውም ነበር፤ አሁን እናርም። ነጭ ዓባይ ሱድ ውስጥ ግማሽ ውኃውን ጥሎ ከወጣ በኋላ ማላካል አካባቢ ሶባት ይጨመርበታል። የሶባት ትልቁ ገባር በጋምቤላ የሚወርደው ባሮ ነው። ከማላካል ወደ ካርቱም የሚመጣው የነጭ ዓባይ ውኃ ግማሽ ያህሉ ሶባት ያመጣው ነው። ስለዚህ ሙግረን ላይ ቆሞ በጣት «የኛና የነሱ» ብሎ መለየት አይቻልም።

ወደ ልጁ ጥያቄ እንመለስ። ግድብ ማለት መዝጋት ነው?

ግድብ የሚለው የአማርኛ ቃል ገደበ ከሚለው ግስ የወጣ ነው፤ ገደብም ከዚያው ነው። መጠን ማበጀት፣ ልክ ማስያዝ አለበት። ዐረብኛው ሰድ ደግሞ እንዳየነው ከመዝጋት ይወጣል። የአስዋኑ ታላቅ ግድብ ሰድ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2009 የተመረቀው መረዌም ሰድ ነው፤ የሕዳሴ ግድብም በዐረብኛ ጋዜጣ ሰድ ተብሎ ይጻፋል። ነገር ግን የሱዳን ሰው የቆዩ ግድቦቹን ምን ብሎ እንደሚጠራ አስተውላችኋል? እ.ኤ.አ. በ1925 የተጠናቀቀው ሰናር፣ በ1937 የተጠናቀቀው ጀበል አውሊያ፣ በ1966 የተጠናቀቀው ሮሰይረስ፣ ሦስቱም በሕዝቡ አፍ «ኸዛን» ናቸው። ኸዛን ማጠራቀሚያ፣ ማከማቻ ማለት ነው። ጣሪያችሁ ላይ ያለው የውኃ ታንከርም ኸዛን አይደል? መጋዘን የምንለው የአማርኛ ቃል ከዚሁ ሥር የመጣ ነው። ይህ ጽሑፍ የወጣበት ዓይነት መጽሔት በእንግሊዝኛ «ማጋዚን» የተባለውም ከዚያው ሥር ነው፤ የጽሑፍ መጋዘን እንደማለት።

እንግዲህ ውኃን በግንብ ይዞ የሚለቅ አንድ ዓይነት ሥራ፣ አንዱ ከመዝጋቱ፣ አንዱ ከማጠራቀሙ፣ አንዱ ልክ ከማስያዙ ስም አወጣለት። ስሙ የሚነግረን ሰያሚው የትኛውን ጎን እንዳየ ነው። ውኃው ማለፍና አለማለፉን ግን ከስሙ አናውቅም። ለመብራት የተሠራ ግድብ ውኃውን በተርባይን አሳልፎ ካልለቀቀ መብራት አይሰጥም። ስንት ውኃ፣ መቼ፣ በምን ስምምነት ይያዝ ይለቀቅ የሚለው ደግሞ እውነተኛ ጥያቄ ነው፤ የጎረቤቶቻችንም ስጋት ከባዶ አልመጣም፤ በወንዙ ዳር የሚያርስ ሰው ስለ ውኃው ቢጠይቅ ነውር የለበትም። ያ የሚፈታው በመለኪያና በንግግር ነው። ልጃችን ለጓደኞቹ «ስሙ መዝጋት ስለሆነ ይዘጋል ካላችሁ የናንተስ መረዌ?» ብሎ ሊመልስ አስቦ ነበር። እኛ ያልነው «ሰናርን ለምን ኸዛን እንደሚሉት ጠይቃቸው» ነው። ጠየቃቸው። ከመካከላቸው የአንዱ አያት በሰናር ግድብ አቅራቢያ ያደጉ ስለነበሩ ጨዋታው ወደ እሳቸው ወሬ ዞሮ ክርክሩ በዚያው ቀረ።

ሌላ ተማሪ ደግሞ «ስደት የሚለውና ሱድ ዘመድ ናቸው?» ብላ ጠየቀች። ጥያቄው ልባችንን ነካው፤ እዚህ ከተማ ስላለነው ሰዎች ስደት ማለት ምን እንደሆነ ማስረዳት አያሻም። በአማርኛ ሰደደ ላከ፣ አባረረ ነው፤ በዐረብኛ ተመሳሳይ ድምፅ ያለው ግስ ዘጋ ነው። አንዱ ያስወጣል፤ ሌላው ያግዳል። ሁለት ቃላት ድምፃቸው መመሳሰሉ ብቻውን ለዝምድና ማስረጃ እንደማይሆን፣ በተለይ ሁለት ቋንቋ የሚናገር ሰው በዚህ ወጥመድ ቶሎ እንደሚገባ ነገርናት። «ሰደድ እሳት» ግን የስደት ዘመድ ነው፤ እሳቱ ተለቅቆ፣ ተሰድዶ የሚሄድ ስለሆነ።

በአገር ቤት ሱድን ቃሉን ሳያውቁ ነገሩን የሚያውቁ ሰዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2011 ገደማ ጣና ላይ የታየው እምቦጭ ምንጩ ደቡብ አሜሪካ ነው። ያው ተክል ነጭ ዓባይ ላይ የታየው በ1950ዎቹ መጨረሻ ሲሆን ከደንገሉ ጋር ተደባልቆ ሱዱን አባብሶታል። በደምቢያና በፎገራ ዳርቻ ያሉ ዓሣ አጥማጆች ታንኳቸውን የሚያሳልፉበት ያጡት፣ ገበሬዎች ተሰብስበው በእጃቸው እየነቀሉ ወደ ዳር የሚያወጡት፣ እንግሊዝኛው ሱድ ከሚለው ጋር በጣም የሚቀራረብ ነገር ነው። አንዲት እናት የወላጆች ስብሰባ ላይ ይህን ስናነሣ ወንድማቸው እዚያው ዘመቻ ላይ ለሳምንት ውኃ ውስጥ እንደቆየ ነገሩን፤ ዛሬ የነቀሉት ነገ ተመልሶ ይመጣል ብሎ በስልክ ሲያማርር ነበር አሉ። ቤከርም ከ150 ዓመት በፊት ያማረረው ይህንኑ ነው።

የቀረው ነገር ቃሉን በአማርኛ ምን እንበለው የሚለው ነው። ረግረግ አይሆንም፤ ግድብ አይሆንም። መምህሮቻችን «ተንሳፋፊ የእጽዋት ማገጃ» የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ትክክል ነው፤ ግን የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ይመስላል። ጥያቄውን ለስምንተኛ ክፍል መለስነው። ለጥቂት ጊዜ ዝም ተባለ። ከዚያ ያቺው የሳሙና አረፋዋ ልጅ፣ ከሳቁባት ጀምሮ በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ እጇን አንሥታ የማታውቀው፣ እጇን አነሣች።

«ጥርቅም» አለች።

ለምን እንደሆነ መምህሩ ጠየቋት። «እናቴ ማታ ማታ በሩን ጠርቅሚው ትለኛለች፤ ዝጊው ማለቷ ነው። ደግሞ ዕቃ በዝቶ ሲከመር የምን ጥርቅም ነው ትላለች» ብላ መለሰች። ተጠራቅሞ የሚዘጋውን ነገር በአንድ ቃል፣ ያውም ከቤቷ ይዛ መጣች። የሦስተኛው መልስ ባለቤት፣ ግድብ ብሎ የነበረው ልጅ፣ «መስዱድ» ብሎ ጨበጨበላት።

በቤተ መጻሕፍታችን ግድግዳ ላይ ተማሪዎች በሦስት ቋንቋ የሚሞሉት የቃላት ሠንጠረዥ አለ። በእንግሊዝኛው ዓምድ አራቱ ፊደላት፣ በዐረብኛው «አስ-ሱድ»፣ በአማርኛው ደግሞ «የወንዝ ጥርቅም» ተብሎ ተጽፏል፤ ጽሕፈቱ የልጅቷ ነው። የልምምድ ወረቀቱንም አርመን ለሚቀጥለው ዓመት አባዝተነዋል። የቀድሞው ቅጂ በእጃችሁ ያለ ወላጆች ካላችሁ ገጽ 3 ላይ «ረግረግ» የሚለውን ሰርዛችሁ እንድታስተካክሉልን እንጠይቃለን።